ቆሽት ጾታ አለው?



እናቴ ስትናደድ «ቆሽቴ አረረ» ትል ነበር። አባቴ ሲናደድ ጋቢውን ተከናንቦ ዝም ነው። ስለዚህ በልጅነቴ ቆሽት ሴቶች ብቻ ያላቸው ዕቃ ይመስለኝ ነበር። ሕክምና ትምህርት ቤት ከገባሁ በኋላ አንድ ቀን አስተማሪያችን ከአስከሬን የወጣ ቆሽት በትሪ ይዞ መጣና መካከላችን አስቀመጠው። ስንዝር የማይሞላ፣ ክብደቱ ከ100 ግራም ብዙም የማይርቅ፣ ጎርበጥበጥ ያለ ገርጣ ሥጋ ነው። «የወንድ ነው የሴት?» አለን። ከፊላችን የወንድ፣ ከፊላችን የሴት አልን። «ዝም ብላችሁ ነው የምትገምቱት» አለ እየሳቀ፤ «አይታወቅም። ቆሽት ቆሽት ነው።»

ያንን መልስ ለብዙ ዓመት ይዤው ኖርኩ። ትሪ ላይ ላለ ቆሽት አሁንም ልክ ነው። ሆድ ውስጥ ሆኖ ለሚሠራ ቆሽት ግን ልክ አይደለም፤ ዛሬ ማታ የማወራችሁም ስለዚሁ ነው።

የቆሽት አብዛኛው ክፍል ምግብ የሚያብላላ ፈሳሽ እየሠራ ወደ አንጀት ይልካል። እዚያም ላይ ጾታ ትንሽ ድርሻ አለው፤ በድንገተኛ የቆሽት ብግነት ከሚመጡ ሕመምተኞች በወንዶቹ ላይ መጠጥ፣ በሴቶቹ ላይ የሐሞት ጠጠር ምክንያት ሆኖ በብዛት ይገኛል። እሱን አልፈዋለሁ። የእኔ ጉዳይ በዚያ ሥጋ ውስጥ ተበትነው ስለሚገኙ ጥቃቅን የሕዋሳት ስብስቦች ነው። በ1869 በርሊን ውስጥ ፓውል ላንገርሃንስ የሚባል የ21 ዓመት ተማሪ ለመመረቂያ ጽሑፉ ቆሽትን በማይክሮስኮፕ ሲመረምር አያቸው። ሥራቸው ምን እንደሆነ አላወቀም። ዛሬ በስሙ የላንገርሃንስ ደሴቶች ይባላሉ። ቁጥራቸው አንድ ሚሊዮን ያህል ነው፤ ሁሉም ቢሰበሰቡ ግን ከቆሽቱ ክብደት 1 ወይም 2 በመቶ ቢሆኑ ነው። ኢንሱሊን የሚሠሩት ቤታ ሕዋሳት የሚኖሩት እዚያ ነው። ስኳር በሽታ የምንለው ነገር ሁሉ ዞሮ ዞሮ የእነዚህ ደሴቶች ታሪክ ነው፤ ወይ ሞተዋል፣ ወይ ደክመዋል፣ ወይ የሚጠየቁት ከአቅማቸው በላይ ሆኗል።

አሁን ወደ አርጀንቲና ልውሰዳችሁ። ቦነስ አይረስ ውስጥ ቤርናርዶ ኡሳይ የሚባል ተመራማሪ ነበር። በ1943 አገሪቱ ወደ ዴሞክራሲ እንድትመለስ የሚጠይቅ መግለጫ ላይ ስለፈረመ ወታደሮቹ ከዩኒቨርሲቲው አባረሩት። ሰውዬው አርፎ አልተቀመጠም። በግለሰቦች ገንዘብ ሌላ የምርምር ተቋም አቋቋመና ከባልደረቦቹ ጋር ሥራውን ቀጠለ። ከሠሯቸው ነገሮች አንዱ እንዲህ ነው፦ ከአይጦች ቆሽት ላይ 95 በመቶውን ቆርጠው አወጡና 5 በመቶውን ተዉላቸው። ከዚያ ቁጭ ብለው ጠበቁ። ቀዶ ጥገናው ያው፣ የተረፈው ቁራጭ ያው። ከወንዶቹ አይጦች ብዙዎቹ ስኳር ያዛቸው። ከሴቶቹ የያዛቸው ግን በጣም ያነሱ ነበሩ። እንቁላል የሚያመርተው ዕጢያቸው ሲወጣ ሴቶቹም እንደ ወንዶቹ መታመም ጀመሩ፤ ኢስትሮጅን ሲሰጣቸው ደግሞ መከታው ተመለሰ።

ይኼ እንግዲህ የ1940ዎቹ ነገር ነው። ኡሳይ በ1947 ኖቤል ተሸለመ፤ የተሸለመው ግን ፒቱታሪ የሚባለው አንጎል ሥር ያለ ዕጢ በስኳር ላይ ያለውን ሥልጣን በማሳየቱ ነው። የአይጦቹ የጾታ ነገር ለብዙ አሥርተ ዓመታት እንደ ጎን ወሬ ታየ። እንዲያውም ከጎን ወሬ የባሰ ነገር ሆነ። ወንድ አይጥ በቀላሉ ስኳር ስለሚይዘው ለላቦራቶሪ ሥራ ይመቻል፤ ሴቷ «እምቢ» ትላለች፣ ጊዜ ታስፈጃለች። ስለዚህ ብዙ ቤተ ሙከራዎች በወንድ አይጥ ብቻ ሠሩ። አንድ ፍጥረት በሽታን እምቢ ሲል «እንዴት ቻለ?» ብሎ መጠየቅ ሲገባ፣ አስቸጋሪ ነው ተብሎ ከጥናቱ ወጣ። የአሜሪካ ብሔራዊ የጤና ተቋማት ገንዘብ የሚሰጣቸው ተመራማሪዎች ጾታን በጥናታቸው እንዲያካትቱ መጠየቅ የጀመሩት በ2016 ነው።

ሴቷ እንዴት ቻለች? በ2006 የፍራንክ ሞቬ-ዣርቪ ቡድን ባሳተመው ጥናት ቤታ ሕዋሳትን የሚገድል ኬሚካል የተሰጣቸው ወንድ አይጦች በስኳር ሲወድቁ ሴቶቹ በአብዛኛው ተረፉ። ኢስትሮጅን መሥራት እንዳይችሉ ሆነው በተወለዱ አይጦች ላይ ሲሞከር ሴቶቹም ወደቁ። ቤታ ሕዋስ የኢስትሮጅን ተቀባይ አለው፤ ሆርሞኑ ሲመጣ ሕዋሱ በጭንቀት ጊዜ እንዳይሞት ያጠነክረዋል።

ለምን እንዲህ ሆና ተሠራች ካላችሁኝ፣ እኔን የሚያሳምነኝ መልስ እርግዝና ነው። የእንግዴ ልጅ የሚያመነጫቸው ሆርሞኖች የእናቲቱ ሰውነት በኢንሱሊን ላይ እንዲያምፅ ያደርጉታል፤ ስኳሩ በደሟ ውስጥ ቆየት እንዲልና ለጽንሱ እንዲደርስ። ይኼን ለማካካስ ቆሽቷ ኢንሱሊኑን ሁለት ሦስት እጥፍ ማድረግ አለበት። በዘጠኝ ወር ውስጥ ሥራው በእጥፍ የሚጨምርበት ቆሽት ጎተራው ባዶ ሆኖ አይጠብቅም። ሴት ልጅ ወለደችም አልወለደች ያንን ጎተራ ይዛ ትዞራለች። ወንዱ እንዲህ ያለ ቀን ስለማይመጣበት በዕለት ጉርስ ነው የሚኖረው፤ ሠርቶ ያገኛል፣ ያገኘውን ይበላል።

እዚህ ላይ አንድ ጥያቄ እንደሚመጣ አውቃለሁ። «ታዲያ ላረጡ ሴቶች ኢስትሮጅን ለምን አትሰጧቸውም?» በአሜሪካ ከ16 ሺህ በላይ ያረጡ ሴቶች በተሳተፉበት ትልቅ ሙከራ ኢስትሮጅንና ፕሮጀስቲን የወሰዱት በስኳር የመያዝ ዕድላቸው በአንድ አምስተኛ ገደማ ቀንሶ ተገኝቷል። ሙከራው ግን በ2002 ከጊዜው በፊት ተቋረጠ፤ የጡት ካንሰር፣ የልብ ሕመምና የስትሮክ ነገር አሳሰባቸው። ስኳርን ለመከላከል ተብሎ ሆርሞን አይታዘዝም። ፋርማሲ ሄዳችሁ እንዳትጠይቁ።

የወንዱ ሆርሞን ጉዳይ ደግሞ የበለጠ ያስገርማል። ቴስቶስቴሮን ያነሰው ወንድ በስኳር የመያዝ ዕድሉ ከፍ ይላል፤ ለፕሮስቴት ካንሰር ሕክምና ቴስቶስቴሮናቸው እንዲወርድ የተደረጉ ወንዶች ላይም ይኸው ታይቷል። ሴት ላይ ሲሆን ግን ይገለበጣል። ቴስቶስቴሮን የበዛባት ሴት፣ ለምሳሌ ወር አበባዋ የሚዛባና ፊቷ ላይ ፀጉር የሚያበቅልባት፣ ለስኳር ይበልጥ ትጋለጣለች። ያው አንድ ሆርሞን ነው። የገባበት ቤት ነው የሚለየው።

ይኼን ነገር ከሁሉ አጥርቶ ያሳየኝ ግን አይጥም ሆርሞንም አይደለም፤ ሁለት ቤተሰብ ነው። ማፍኤ የሚባል ዘረመል አለ፤ ቤታ ሕዋስ ውስጥ ቁጭ ብሎ «ኢንሱሊን ሥራ» የሚል ትዕዛዝ ከሚሰጡት አንዱ ነው። በ2018 ማርታ ኮርቦኒትስ ለንደን ውስጥ ከሚመሩት ቡድን በወጣ ጥናት፣ በሁለት ቤተሰቦች ውስጥ በዚህ ዘረመል ላይ አንዲት ፊደል ተቀይራ ተገኘች። ወንድምና እህት ያችኑ ስህተት ከአንድ ወላጅ ይወርሳሉ። ወንዶቹ በአብዛኛው ስኳር በሽታ ያዛቸው። ሴቶቹስ? በአብዛኛው ተቃራኒው። ቆሽታቸው ላይ ኢንሱሊን የሚያመርቱ ብዙ ትናንሽ ዕጢዎች እየበቀሉ ስኳራቸው ያለልክ እየወረደ ያልባቸው፣ ይንቀጠቀጡ፣ ራሳቸውን ይስቱ ጀመር።

እስቲ አንድ ማዕድ አስቡ። ወንድምየው ስኳሩ እንዳይወጣ ለስላሳውን ወደዚያ ይገፋል። እህትየዋ ስኳሯ ወርዶ እንዳትወድቅ ያንኑ ለስላሳ ትስባለች። በሽታቸው አንድ ፊደል ነው። ከሦስት ዓመት በኋላ በአሜሪካ በቫንደርቢልት ዩኒቨርሲቲ ያችኑ ፊደል አይጦች ላይ ቀየሯት፤ የወንዶቹ ስኳር ወጣ፣ የሴቶቹ ወረደ። የወንዶቹ ቤታ ሕዋሳት ሲታዩ ያለ ዕድሜያቸው አርጅተው ነበር። «ቆሽት ቆሽት ነው» ያለኝ አስተማሪ በሕይወት ቢኖር ይኼን ጥናት ይዤለት እሄድ ነበር፤ የምሄደውም ለመከራከር ሳይሆን ፊቱን ለማየት ነው።

ብርቅ የሆነውን ልተውና ወደ ምርመራ ክፍሌ ልመለስ። አንድ ጊዜ ባልና ሚስት አብረው መጡ። እሱ የ52 ዓመት ነጋዴ፣ ቁመናው የሞላ፣ ቦርጩ ከወንበሩ ቀድሞ የሚገባ። እሷ 49፣ አጠር ያለች፣ ዳሌዋ ሰፋ ያለ፣ ወገቧ ግን ብዙም ያልወፈረ። ሁለቱንም በባዶ ሆድ ለካናቸው። የእሱ 116፣ የእሷ 96። እሱ ከልኩ አልፏል፤ እሷ ደህና ናት። ባልየው ደነገጠ፤ ሚስትየዋ ጮማውን እየቆጠረች ትወቅሰው ጀመር። እኔ ግን 75 ግራም ግሉኮስ በውኃ አስበጠበጥኩና ለሁለቱም ሰጠሁ፤ ከሁለት ሰዓት በኋላ ልንለካቸው። ብርጭቆውን ይዛ አየችኝ።

«ዶክተር፣ ስኳር የለብሽም ለማለት ስኳር ታጠጡኛላችሁ?»

«በአንድ ትንፋሽ ይጠጡት» አልኳት።

ከሁለት ሰዓት በኋላ የእሱ 132 ነበር፤ ደህና። የእሷ 186። ደህና አይደለም፤ ከ140 በታች መሆን ነበረበት። ሁለቱም ስኳር በሽታ አልያዛቸውም፤ ሁለቱም ግን ደጃፉ ላይ ቆመዋል። የቆሙት ግን በተለያየ በር ነው። ይኼ የእነሱ ብቻ አይደለም፤ በየአገሩ በተደረጉ ጥናቶች የባዶ ሆድ ስኳር ከፍ ብሎ የሚገኘው ይበልጥ በወንዶች ነው፤ ከበሉ በኋላ የሚቆየው ስኳር ከፍ ብሎ የሚገኘው ደግሞ ይበልጥ በሴቶች ነው። በባዶ ሆድ ብቻ ብንለካ ኖሮ ባልየውን ይዘን ሚስትየዋን «ደህና ነዎት፣ ይሂዱ» ብለን እንሸኛት ነበር።

ለፍትሕ ያህል አንድ ነገር ልጨምር። የመመርመሪያው መጠን ለአዋቂ ሁሉ 75 ግራም ነው። ያንኑ ብርጭቆ እሱ በ90 ኪሎ ገላ ውስጥ ይበትነዋል፤ እሷ በ58 ኪሎ። ስለዚህ ከልዩነቱ የተወሰነው የቆሽት ሳይሆን የገላ መጠን ጉዳይ ነው። ይኼን የማይነግራችሁ ተናጋሪ ካለ ተጠንቀቁት።

የባልየውን ቦርጭ በዋዛ አላነሳሁትም። እኛ አገር ቦርጭ ለረጅም ጊዜ የደህና ኑሮ ምልክት ነበር፤ «ሰው ሆነ» ይባላል። ወንድ ልጅ ሲወፍር ስቡ በብዛት የሚሄደው ሆድ ዕቃው ውስጥ ነው፤ ጉበት አጠገብ፣ አንጀት ላይ፣ ቆሽቱም ውስጥ ሳይቀር። እዚያ የተቀመጠ ስብ ዝም አይልም፤ ወደ ጉበት በቀጥታ እየፈሰሰ በኢንሱሊን ላይ ያሳምፀዋል። ሴት ከማረጧ በፊት ስቡ ዳሌዋና ጭኗ ላይ ይሄዳል። እዚያ ያለ ስብ እንደ ተቆለፈ ሣጥን ነው፤ ብዙ ጉዳት ሳያደርስ ይቀመጣል። ስታርጥ ሣጥኑ ይከፈትና ስቡ ወደ ሆድ መሰደድ ይጀምራል።

ውጤቱን ስኮትላንድ ውስጥ በ2011 የወጣ ጥናት በቁጥር አሳይቶታል። ሁለተኛው ዓይነት ስኳር ሲገኝባቸው የወንዶቹ የክብደትና የቁመት ምጣኔ በአማካይ 32 ገደማ፣ የሴቶቹ 34 ገደማ ነበር። ሁለት ነጥብ ትንሽ ይመስላል። ቁመቷ አንድ ሜትር ከስድሳ ለሆነች ሴት ግን አምስት ኪሎ ማለት ነው። በወጣትነት ሲገኝባቸው ደግሞ ልዩነቱ ከዚህም ይሰፋል። ወንዱ ቶሎ ይሰበራል፤ ሴቷ ብዙ ተሸክማ ነው የምትሰበረው። ለዚህም ነው በዓለም ላይ ስኳር ያለባቸው ወንዶች ከሴቶቹ የሚበልጡት፤ የዓለም አቀፉ የስኳር ሕመም ፌዴሬሽን በ2021 ባወጣው ግምት ከ537 ሚሊዮን ሕሙማን ወንዶቹ ሴቶቹን በ17.7 ሚሊዮን ይበልጧቸዋል።

እስካሁን የነገርኳችሁን የሰማ ወንድ ሊያዝን፣ የሰማች ሴት ልትዝናና ትችላለች። ሴቶች፣ ትንሽ ቆዩ።

በ2014 የ64 ጥናቶችን መረጃ፣ ከ850 ሺህ በላይ ሰዎችን፣ በአንድ ላይ ያሰላ ሥራ ወጣ። ስኳር ወንዱ ልብ ላይ አደጋ ይጨምራል፤ ሴቷም ልብ ላይ ይጨምራል። ጭማሪው ግን በሴቷ ላይ ከወንዱ በ44 በመቶ በልጦ ተገኘ። በሌላ ተመሳሳይ ስሌት ለስትሮክም እንዲሁ፣ በ27 በመቶ። ወንዱ ድሮም የልብ ሕመም ይበዛበታል፤ ሴቷ ድሮ የነበራትን ብልጫ ስኳር ወስዶባታል ማለት ነው።

እንዴት ሆኖ? ተመራማሪዎቹ ከሰጧቸው ምክንያቶች እኔ የምመዝነው ይኼን ነው፦ ጎተራው። ያ ሲከላከልላት የኖረው ጎተራ በሽታውን ሲደብቅም ኖሯል። ወንዱ ትንሽ ሲወፍር ቆሽቱ «በቃኝ» ይላል፤ ሐኪም ጋ ይሄዳል፣ መድኃኒት ይጀምራል። የሴቷ ቆሽት እየቻለ፣ እየጨመረ፣ እየደበቀ ይሄዳል። ኢንሱሊኑ ስኳሯን ይዞላት ሳለ ክብደቷ ይጨምራል፣ ደም ግፊቷ ይወጣል፣ የደሟ ቅባት ይበላሻል፤ ይኼ ሁሉ ለዓመታት የስኳር ስም ሳይሰጠው ይኖራል። ስሙ ሲሰጠው ልቧ ከወንዱ ይልቅ ብዙ ርቀት ተጉዟል። እዚያ ላይ ሌላ ጥፋት ይጨመራል፣ እሱ ደግሞ የእኛ የሐኪሞች ነው። ስኳር ላለባቸው ሴቶች የደም ቅባትና የግፊት መድኃኒት ከወንዶቹ ባነሰ ትጋት እንደሚሰጥ በተደጋጋሚ ታይቷል። የልብ ሕመም የወንድ በሽታ ነው የሚለው ነገር ከአእምሯችን አልወጣም።

ጎተራው ሲጎድል ግን አንድ ጊዜ ቀድሞ ምልክት ይሰጣል። በእርግዝና። ቅድም እንዳልኩት ቆሽት በዚያ ወቅት እጥፍ ይጠየቃል፤ ያልቻለው «በእርግዝና የመጣ ስኳር» ይባላል። ከወሊድ በኋላ ስኳሩ ይወርዳል፣ ሁሉም ይረሳዋል። ሊረሳ አይገባውም ነበር፤ በእርግዝና ስኳር የነበረባት ሴት ወደፊት ሁለተኛው ዓይነት የሚይዛት ዕድል ከሌላዋ ሰባት እጥፍና ከዚያም በላይ ነው። የሚገርም አንድ ነገር ልንገራችሁ። ካናዳ ውስጥ ራቪ ሬትናካራንና ባልደረቦቹ እንዳሳዩት፣ ወንድ ልጅ የፀነሰች እናት ሴት ከፀነሰችው ይልቅ የእርግዝና ስኳር የመያዝ ዕድሏ በትንሹ ከፍ ይላል። ጽንሱ ገና ሳይወለድ ጾታው የእናቱ ቆሽት ድረስ ይሰማል ማለት ነው። ልዩነቱ ትንሽ ነው፤ በዚህ ተነስታችሁ ነፍሰ ጡር አይታችሁ «ወንድ ነው» እንዳትሉ።

እንግዲህ ወደ ሚስትየዋ ልመለስ። የ186ቱን ውጤት ይዤ ስለ ወሊዶቿ ጠየቅኳት።

«የመጀመሪያዋ ልጄ አራት ኪሎ ተኩል ነበረች» አለችኝ፣ ኩራቷ ሳይደበዝዝ። «አዋላጇ ራሷ ለሰው እየጠራች ነው ያሳየቻት። ጎረቤቱ እልልታውን አቀለጠው።»

አራት ኪሎ ተኩል። የእናት ስኳር ወደ ጽንሱ ሲያልፍ የጽንሱ ቆሽት ኢንሱሊን ያበዛል፤ ኢንሱሊን ደግሞ ያወፍራል። ትልቅ ልጅ ሁሉ የስኳር ልጅ አይደለም። ግን ያን ጊዜ አንድ ሰው እልልታው መሐል «እስቲ የእናትየዋን ስኳር እንለካው» ብሎ ቢሆን ኖሮ ይቺ ሴት ከ20 ዓመት በፊት ታውቅ ነበር። ማንም አላለም። አጥሚቱ ቀረበ፣ ገንፎው በቅቤ ራሰ።

የገንፎው ተቃዋሚ አይደለሁም። የአራስ ወግ የእኔም እናት ወግ ነው። ግን አንድ የቀን መቁጠሪያ ልስጣችሁ። በእርግዝናዋ ስኳር የተገኘባት ሴት ከወለደች ከ4 እስከ 12 ሳምንት ባለው ጊዜ ውስጥ ያንኑ 75 ግራም ጠጥታ መለካት አለባት። በሳምንት ቆጥሮ የሚያስታውስ ሰው ጥቂት ነው። እኛ ግን ሌላ ቆጠራ አለን፤ በተዋሕዶ ቤት ወንድ ልጅ በ40 ቀኑ፣ ሴት ልጅ በ80 ቀኗ ክርስትና ትነሣለች። ሁለቱም ቀን በዚያ ክልል ውስጥ ይወድቃል። ስለዚህ ለክርስትና ድግስ ጠላ ከመጠመቁ በፊት እናትየዋ ትለካ። ሌላ እምነት ያላችሁም በየቤታችሁ የምትቆጥሩት ቀን አይጠፋም።

አንደኛውን ዓይነት ስኳር ሳልነካ ብሄድ ትታዘቡኛላችሁ። እሱ የሰውነት ዘበኛ የራሱን ቤታ ሕዋሳት የሚገድልበት በሽታ ነው። እንዲህ ያለ በራስ ላይ የመነሣት በሽታ፣ ሉፐስም በሉት የእንቅርት ዕጢ ሕመምም፣ በአብዛኛው ሴቶችን ያበዛል። አንደኛው ዓይነት ስኳር ግን አያበዛም። በልጅነት ወንዱና ሴቷ እኩል ገደማ ናቸው፤ ከጉርምስና በኋላ አውሮፓውያን መሐል ወንዶቹ በግልጽ ይበልጣሉ። የላቦራቶሪው ታዋቂ አይጥ ደግሞ እንደገና ይገለብጠዋል፤ በራሷ ጊዜ ስኳር የሚይዛት ያቺ ዘር ሴቷ ናት በብዛት የምትታመመው። ለሰው የሚሆን መድኃኒት ለብዙ ዓመታት የተሞከረው በዚያች አይጥ ላይ ነው። አልፈርድም፤ ግን ልብ በሉት።

ከዚያ ይልቅ ወደ አገራችን የሚያመጣኝ ሌላ ነገር አለ። ጎንደር ውስጥ ሐኪሟ ሽታዬ ዓለሙና ባልደረቦቻቸው በ2009 ባሳተሙት ጥናት ከገጠር የሚመጡ፣ ኢንሱሊን የግድ የሚያስፈልጋቸው ወጣት ሕመምተኞችን ተመለከቱ። ከሲታ፣ ደሃ ገበሬዎች፣ ረሃብ የነካቸው ሰዎች ናቸው፤ ወንዶቹ ደግሞ ሴቶቹን በግልጽ ይበልጣሉ። ጥናቱ በረሃብ የሚመጣ ስኳር የሚባለው ተዘግቶ የነበረ ፋይል እንደገና ይከፈት ወይ ብሎ ጠየቀ። በሕንድ ቬሎር በ2022 በታተመ ጥናት እንዲህ ያሉ ከሲታ ሕሙማን ከአንደኛውም ከሁለተኛውም ዓይነት የተለየ ችግር እንዳላቸው ታየ፤ ኢንሱሊን ማመንጨት ነው የሚያንሳቸው። የተጠኑት ሁሉ ወንዶች ነበሩ። በ2025 ባንኮክ ላይ የዓለም አቀፉ ፌዴሬሽን ይኼን በሽታ «አምስተኛው ዓይነት ስኳር» ብሎ ስም ሰጠው።

ሴቶቹ የት ሄዱ? እዚህ ላይ ሁለት መልስ ይመጣልኛል። አንደኛው የኡሳይ አይጦች መልስ ነው፦ የተጎዳ ትንሽ ቆሽት ይዛ ሴቷ ትቋቋማለች፣ ወንዱ ይወድቃል። ሁለተኛው መልስ የመንገድ ነው። ሐኪም የሚቆጥረው በሩን የከፈተለትን ሰው ነው። የስምንት ሰዓት የእግር መንገድ የሚጠይቅ ጤና ጣቢያ ላይ ወንድ ልጅ ሲታመም በሬ ተሽጦ ይወሰዳል፤ ሴት ልጅ ስትታመም ጠበል ይሞከርላታል፣ ከዚያ ደግሞ ይጠበቃል። ኢንሱሊን ያጣ ሰው ደግሞ ብዙ አይጠብቅም። የመጀመሪያው መልስ ደስ ይለኛል፤ ሳይንሱ ያምራል። ሁለተኛው እንቅልፍ ይነሳኛል። አንድ ነገር ሲቆጠር አሁን መጀመሪያ የማየው ማን እንዳልመጣ ነው።

ጊዜዬ እያለቀ መሆኑን አስተባባሪዋ በዓይኗ እየነገረችኝ ነው። የባልና ሚስቱን ነገር ልጨርስላችሁና ለጥያቄ ልቀመጥ።

ባልየው ቦርጩን ግማሹን አውርዷል፤ ማታ ማታ ከሰፈር ሰዎች ጋር ዳገት ይወጣል፣ ጮማውን ግን አልተወም። የባዶ ሆድ ስኳሩ 101 ላይ ነው። ሚስትየዋ ደም ግፊቷንም ቅባቷንም አብረን ይዘናል፤ ስኳሯን በየዓመቱ ከነብርጭቆው ነው የምንለካት። ባለፈው ጊዜ ስትመጣ ብቻዋን አልነበረችም። ያቺን አራት ኪሎ ተኩል ልጇን አስከትላ መጣች፤ የ27 ሳምንት እርጉዝ ናት፤ የእርግዝና ስኳር መለካት ያለብን ጊዜ ነው። ነርሷ ግሉኮሱን በጥብጣ ስትሰጣት ልጅቷ ቀምሳ ፊቷን አጨማደደች።

«በጣም ይጣፍጣል፣ አልችልም» አለች።

እናትየዋ ከወንበሯ ተነስታ ብርጭቆውን ከሥሩ ደገፍ አደረገችላት።

«አፍንጫሽን ያዢና በአንድ ትንፋሽ ጠጪው» አለቻት፤ «ከዚያ ሁለት ሰዓት ሙሉ ምንም አትቅመሽ። ቡናም ቢሆን።»